መሣሪያው ቀድሞ፣ መምህሩ ተከትሎ

ስለ ኦንላይን ትምህርት ሲወራ ነገሩ ትናንት የተጀመረ ይመስላል። ሩቅ ያለን ዕውቀት እስከ ክፍል ድረስ የማምጣት ሙከራ ግን በአዲስ አበባው አራዳ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ታሪኩን ተከታትሎ ላየ ሰው አንድ ነገር ይደጋገምበታል፦ ትምህርት ቤቱ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሳተላይቱ ይቀድማሉ፤ በእነሱ የሚያስተምረውን መምህር ማዘጋጀትና መደገፍ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። በእኔ እምነት ታላላቅ ሙከራዎቻችን ካሰብነው በታች የቀሩት በመሣሪያ ማነስ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ቅደም ተከተልም ጭምር ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት አስተማሪዎቹ ከግብጽ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። አዲሱ ትምህርት በሃይማኖት ከማንፈራቸው ሰዎች እጅ እንዲመጣ መደረጉ የቤተ ክህነትን ስጋት አለዝቧል፤ ለጊዜው ብልህ መፍትሔ ነበር። አገሪቱ የራሷን መምህር የምታወጣበት ቦታ ግን አብሮ አልተከፈተም። መደበኛው የአንደኛ ደረጃ መምህራን ሥልጠና የተጀመረው በ1936 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ያውም እዚያው ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ። በመካከሉ የጣልያን ወረራ እንዳለ አይዘነጋም፤ ከተማሩት ጥቂት ወጣቶች ብዙዎቹን የፈጀ ወረራ ነው። ሆኖም ከትምህርት ቤቱ መከፈት እስከ 1928ቱ ጦርነት ድረስ 28 ዓመት ነበረ። ያ ሁሉ ጊዜ ያለፈው መምህርን ከውጭ በማስመጣት ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ፒያሳ ላይ፣ በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ባለው ማዘጋጃ ቤት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዚህ ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ዝግጅት ተከተለ። በስቱዲዮ ያለው አስተማሪ ክፍል ውስጥ ያሉትን ልጆች አያያቸውም፤ ማን እንደገባው፣ ማን እንደጠፋበት አያውቅም። ይህን ማወቅ የሚችለው ከመስኮቱ አጠገብ የቆመው የክፍሉ መምህር ብቻ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ የመምህሩን ሥራ ቀነሰለት የሚለው ግምት ትክክል አይመስለኝም፤ የሌላ ሰው ትምህርት ተቀብሎ ለልጆቹ ማዳረስን የመሰለ አዲስ ሙያ ጨመረበት እንጂ።

ይህ ሙያ ባዶ ሲቀር ምን እንደሚሆን በግልጽ ያሳየን «ፕላዝማ» የተባለው የክፍል ውስጥ የቴሌቪዥን ትምህርት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ሰዓት ለመላው አገሪቱ መሰራጨት ጀመሩ። ከአንዱ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ነበር፤ ለመምህሩ መግቢያና መዝጊያ የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ቀረችው። ሥርጭቱን ማቆም፣ መመለስ፣ «እስቲ ይህን እንደገና» ማለት አይቻልም። መብራት ከጠፋም ትምህርቱ አለፈ። የሚገርመው ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ፣ መምህራን ተማሪውን በውይይትና በተግባር እንዲያሳትፉ ይሠለጥኑ ነበር። በሥልጠናው የተማሩትን ክፍል ገብተው እንዳይሠሩበት የስክሪኑ ፍጥነት ያግዳቸው ነበር። ያልሠለጠነ መምህር ያሳዝናል፤ ሠልጥኖ እጁን የታሰረው የበለጠ ያሳዝናል።

ለፕላዝማ የሚሟገቱ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው በሌለበት ወረዳ የሚማር ልጅ ከአዲስ አበባ ልጅ እኩል አንድ ዓይነት ትምህርት አገኘ፤ ቤተ ሙከራ ያላየ ተማሪ ሙከራ ሲሠራ ተመለከተ። ይህ እውነት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን እኩል መሰራጨት እኩል መድረስ ማለት አይደለም። እንግሊዝኛው የፈጠነበት ያ የወረዳ ልጅ ቆም ብሎ የሚያስረዳው ሰው ከሌላው ይበልጥ ያስፈልገው ነበር፤ የተወሰደበትም ያ ሰው ነው።

ሌላው ተቃውሞ «ኦንላይኑ እንደ ፕላዝማ አይደለም፤ ተማሪው ይጠይቃል፣ መምህሩ ይመልሳል» የሚል ነው። በኮሮና ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በአዲስ አበባ ትምህርት በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀጠለ፤ ቴሌግራሙ በእርግጥም ጥያቄ ይቀበላል። ግን መመለስ ጊዜ ይወስዳል። የአንድ ክፍል ልጆች በየሰዓቱ በጽሑፍ ሲጠይቁ መምህሩ እያንዳንዱን አንብቦ ለመመለስ፣ ድምፁን ያጠፋውን ልጅ ደውሎ ለመፈለግ፣ የቤት ሥራውን በስልክ ስክሪን ላይ ለማረም ደመወዝ የሚከፈልበት ሰዓት ያስፈልገዋል። የኢንተርኔት ካርድም በእሱ ኪስ ሊሆን አይገባም። ትምህርቱን ሲሰጥ አብሮት ገብቶ የሚያይና «እዚህ ጋ ተማሪዎቹ ጠፍተውብሃል» የሚለው የሥራ ባልደረባም ያሻዋል፤ ኦንላይን መምህር ከሁሉ በላይ ብቸኛ ነውና። በጀት የለም የሚባል ከሆነ ከሚገዙት ታብሌቶች ጥቂቱን ቀንሶ ለዚህ ማዋል ይቻላል፤ ሥልጠናውም በአዲስ ሕንፃ መጀመር አያስፈልገውም፤ በ1936ም የተጀመረው በነበረ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው።