ተመልካች በአንድ ቀን አይሰበሰብም



ባለፈው ስብሰባችን የተነሳውን ክርክር ታስታውሳላችሁ። የጩኮና የገንፎ አሠራራችንን፣ የሐረና ማራችንን የምናሳይበት የዩቲዩብ ቻናል ከከፈትን ወራት ተቆጥረዋል፤ የሚያየን ግን ሮቤና ጎባ ካለው ዘመድ አዝማድ እምብዛም አላለፈም። አንድ ሰው ደግሞ «ከከፈላችሁኝ በሳምንት ውስጥ አንድ ሺህ ሰብስክራይበር አመጣላችኋለሁ» ብሎናል። ከቁጠባችን ይከፈል አይከፈል በሚለው ሳንስማማ ተለያየን። እውነቱን ለመናገር፣ «ይከፈል» ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን በአገራችን ሌሎች ሰሚና ተመልካች ያገኙት እንዴት ነው ብዬ ታሪኩን ሳገላብጥ ሐሳቤ ተለወጠ። ምክንያቴን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ወደ ሬዲዮ ዘመን እንመለስ። በ1994 ዓ.ም. ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሁለት ተከታታይ ድራማዎችን ጀመረ። በአማርኛ «የቀን ቅኝት»፣ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ «ዲምቢባ» ይባሉ ነበር። «የቀን ቅኝት» እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. 257 ክፍሎች ተላልፏል። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ጠለፋ የሚያስተምር ነበር፤ ነገር ግን ስብከት አልነበረም። ደራሲዎቹ ብዕር ከማንሳታቸው በፊት ስለ አድማጩ ኑሮ ጥናት ተደርጓል። የተከተሉትን ዘዴ የቀመረው ሚጌል ሳቢዶ የተባለ የሜክሲኮ የቴሌቪዥን ሰው ነው። በሳቢዶ ዘዴ አድማጩን የሚይዘው ፍጹም መልካሙ ወይም ፍጹም ክፉው ሳይሆን በሁለቱ መካከል የሚወላውለው ገጸ ባሕርይ ነው፤ ሰው ራሱን የሚያየው በእሱ ውስጥ ነውና። ለድራማዎቹ ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ደብዳቤ መጻፍ ማለት ወረቀት መግዛት፣ ፖስታ ቤት ድረስ መሄድ ማለት በነበረበት ጊዜ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ሰው ያን ያህል የሚደክመው የራሱን ጉዳይ ሲሰማ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የአንዲት እህታችን ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ጋር ሆና «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች ፕሮግራም ስትጀምር ስቱዲዮ አልነበራትም፤ ሥራው የተጀመረው እቤታቸው ሳሎን ውስጥ ነው። ዋናዋ ተዋናይ ፀሐይ ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ ናት። ፕሮግራሙ በ1998 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ በኋላም የጃፓን ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራም ሽልማት አገኘ። ውሎ አድሮ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎችም ተሠርቷል። ብሩክታዊት ለማን እንደምትሠራ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር፤ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ያስተማረቻቸውን ልጆች ለመሰሉ ልጆች ነው።

ዩቲዩብም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የመጀመሪያው ቪዲዮ የተጫነው ሚያዝያ 15 ቀን 1997 ዓ.ም. ሲሆን አንድ ወጣት አሜሪካ ውስጥ በአራዊት መጠበቂያ ዝሆኖች ፊት ቆሞ የሚናገርበት የ19 ሴኮንድ ቪዲዮ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድሬቲዩብን የመሳሰሉ የአገራችን ድረ ገጾች ድራማና ሙዚቃ እያቀረቡ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንን ሳይቀር አሰባሰቡ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዩቲዩብ አንድን ቪዲዮ ለሌሎች ለማሳየት በዋናነት የሚመለከተው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች በሚያጓጓ ርዕስና ፎቶ ሰውን ያታልሉ ጀመር። በ2012 እ.ኤ.አ. ግን አሠራሩ ተለወጠ፤ ተመልካቹ ምን ያህል ደቂቃ እንደቆየ ይመዘን ጀመር። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል አንድ ቻናል 1,000 ሰብስክራይበርና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ እንዲኖረው ተደነገገ።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ሒሳቡን እንሥራ። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። ቪዲዮአችንን የከፈተ ሰው 4 ደቂቃ ብቻ ቢቆይ 60,000 ጊዜ መታየት አለብን። 10 ደቂቃ ቢቆይልን ግን 24,000 ጊዜ ይበቃል። የተገዛው አንድ ሺህ ሰብስክራይበር ከዚህ ሁሉ አንዲት ደቂቃም አይጨምርልንም፤ አያየንማ! ዩቲዩብም እንዲህ ያለውን ግዢ ይከለክላል፤ ሲደርስበትም ቁጥሩን ይሰርዛል። ያን ጊዜ ቁጠባችንም ስማችንም ይሄዳል።

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. በአገራችን ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ዩቲዩብን ጨምሮ የማኅበራዊ መገናኛዎች ከየካቲት እስከ ሐምሌ ተገድበዋል። ተመልካቹን በስልክ፣ በገበያና በቡና ሰዓት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለው ጊዜ ሲያልፍ ከነበረበት ይቀጥላል፤ ቁጥር ብቻ የነበረው ግን እንደ አዲስ መጀመሩ አይቀርም።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ለማን እንደምንሠራ እንወስን። ለእኔ ተመልካቻችን ከባሌ ወጥታ አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር የምትኖር፣ የእናቷ ጩኮ የናፈቃት ልጅ ናት። ሁለተኛ፣ በአፋን ኦሮሞ እንናገር፤ የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር ይግባበት። ሦስተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን ይውጣ፤ ሬዲዮ ድራማው አድማጩን ያስለመደው በቀኑና በሰዓቱ እየመጣ ነው። አራተኛ፣ በየወሩ አምስት ተመልካቾች ጋ ደውለን «የቱ ላይ ሰለቻችሁ?» ብለን እንጠይቅ። የሚነግሩን ነገር ሊያሳፍረን ይችላል፤ ግን ደብዳቤያችን እሱ ነው።

የማኅበራችን ቁጠባስ ቢሆን የተጀመረው በስንት ብር ነበር? በየሳምንቱ ሳናቋርጥ ስላስቀመጥን አይደል እዚህ የደረሰው? በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፄን የምሰጠው «አይከፈል» ለሚለው ነው። ገንዘቡ ቁጠባችን ውስጥ ይቆይ፤ እኛ ግን ካሜራውን አናስቀምጥ።