የዛገው ሞርሳና የሄንሪ ሞድዝሊ ፈተና

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ የነገሥታትንና የጦር ሜዳን ታሪክ የሚጽፉ ጓደኞች ስላሉን፣ እኛ ደግሞ የአንድ መሣሪያ ታሪክ ለመጻፍ ወደድን። መሣሪያውም ሞርሳ ነው። ሞርሳ ማለት፣ ለማያውቀው ለመንገር ያህል፣ በጠረጴዛ ጫፍ ላይ ታስሮ የሚሞረደውን ወይም የሚቈረጠውን ብረት በሁለት መንጋጋው ጨምድዶ የሚይዝ ነው። ስሙ ከኢጣልያኖች የመጣ ሲሆን መንከስ ከሚለው ቃላቸው የወጣ ነው። እንግሊዞች ግን «ቫይስ» ይሉታል፤ ይኸውም ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የደረሳቸው ቃል ነው፤ መነሻውም የወይን ተክል ማለት ነው። የብሎን ጥርስ እንደ ወይን ሐረግ እየተጠመጠመ ስለሚሄድ ነው። ካቻቪቴ ስንል በመጨረሻ የምትሰማው «ቪቴ» ያችው የወይን ሐረግ መሆንዋን ያወቅነው ይህን ስንመረምር ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አባት በግቢያቸው ጥግ ትንሽ የሥራ ቤት አላቸው። ባለፈው ክረምት ጣራው ሲጠገን ከቆርቆሮ ክምር ሥር አንድ አሮጌ ሞርሳ ተገኘ። ዝገቱ እንደ ቅርፊት ይነሣል፤ እጄታው አይዞርም፤ መንጋጋው ጣት በማያስገባ ክፍተት ላይ ደርቆ ቀርቷል። እሳቸውም «ከጠገናችሁት የናንተው ነው፤ ካልጠገናችሁት በኪሎ ይሸጣል» አሉን። በዚያው ሰሞን ስለ መኪና ሥራ ታሪክ ስናነብ፣ እንደኛው አሮጌ ሞርሳ ተሰጥቶት ስለ ተፈተነ አንድ እንግሊዛዊ ወጣት የሚናገር ታሪክ አገኘን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሄንሪ ሞድዝሊ በ1771 ዓ.ም. ለሎንዶን ቅርብ በሆነችው በዉሊች ተወለደ። ቤተ ሰቡ ድሀ ስለ ነበረ በ12 ዓመቱ በመንግሥቱ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ገብቶ ባሩድ ይሞላ ጀመር። ከዚያ ወደ አናጢዎች ክፍል ተዛወረ፤ ዓይኑ ግን ሁልጊዜ ወደ ቀጥቃጮቹ ምድጃ ስለ ነበረ በ15 ዓመቱ ወደዚያ አለፈ። በመዶሻና በሞረድ አያያዙም ስሙ በሎንዶን ባለ እጆች ዘንድ ይወራ ጀመር።

በዚያን ጊዜ ጆሴፍ ብራማ የሚባል ሰው በ1784 ዓ.ም. ባለመብት የሆነበትን አዲስ የቁልፍ ዓይነት የሚሠራለት ሰው አጥቶ ተቸግሮ ነበር። ቁልፉ እጅግ ረቂቅ ስለ ሆነ፣ ሐሳቡ በወረቀት ላይ ቢያምርም፣ የሚሞርደው እጅ አልተገኘም። ስለዚህ ሞድዝሊን አስጠራው። በ1789 ዓ.ም. የመጣው ግን የ18 ዓመት ልጅ ነው! ብራማ አመነታ፤ የሠራተኞቹም አለቃ አልወደደውም። ከ1563 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የጸና ሕግ ነበረ፤ ይኸውም ማንም ሰው ከአንድ ባለ ሙያ ሥር ሰባት ዓመት ሳይማር በዚያ ሙያ እንዳይሠራ የሚከለክል ነው፤ የተሻረውም በ1814 ዓ.ም. ነው። ሞድዝሊ ሰባት ዓመት ስላልሞላ የቀሩት ሠራተኞች ከርሱ ጋራ ለመቆም እሺ አይሉም።

እንግዲህ ልጁ ዙሪያውን ቢመለከት በጠረጴዛው ላይ ያለቀለት ሞርሳ አየ። ይህን እስከ ማታው 12 ሰዓት እንደ አዲስ ካደረግሁት ከሠራተኞቻችሁ ጋራ ትቈጥሩኛላችሁን? ብሎ ጠየቀ። ተስማሙለት። ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ሥራውን ጀመረ። የተበላው መንጋጋ ላይ ዐረብ ብረት አጣብቆ ሞረደው፤ ጥርስ አወጣለት፤ አጠነከረው፤ የቀረውንም ሁሉ አጽድቶ ገጠመው። ሰዓቱ ሲደርስ በአጠገቡ ያሉት ሞርሳዎች የሚያፍሩበት ሆኖ ተገኘ ይባላል። በሚቀጥለው ሰኞም ሥራ ገባ።

ይህን ታሪክ የምናገኘው ሳሙኤል ስማይልስ በ1863 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ነገሩ ከሆነ ከ74 ዓመት፣ ሞድዝሊም ከሞተ ከ32 ዓመት በኋላ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ሲነገር ሲነገር ያማረ መሆኑን እንጠረጥራለን። «እስከ 12 ሰዓት» የሚለው በተለይ አላሳመነንም ነበር። ስለዚህ በራሳችን ሞርሳ ላይ ለመፈተን ቈረጥን።

የኛ ሥራ አንድ ከሰዓት በኋላ አልፈጀም፤ ሰባት ቅዳሜ ፈጀ። በመጀመሪያው ቅዳሜ እጄታው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክተን አራታችን ተንጠለጠልንበት፤ ያገኘነው ትርፍ እጄታው እንደ ቀስት መጕበጡ ብቻ ነው። አባታችን (ሁላችንም እንዲሁ እንላቸዋለን) ይህን ባዩ ጊዜ መዶሻውን ከእጃችን ተቀበሉን። አካሉ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለ ሆነ መተጣጠፍን አያውቅም፤ በኀይል ቢመቱት ይሰነጠቃል እንጂ እሺ አይልም። በእሳት አግሎ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም እንደዚሁ ነው። ከዚያ ወዲያ ላምባ እያጠጣን ሳምንት ሙሉ ተውነው፤ በየማታውም ብሎኑን በቀስታ እንነካካው ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ጥርሱ እየጮኸ አንድ ዙር ዞረ። ያን ጊዜ የጮኽነውን ጩኸት ጎረቤት ሰምቶ መጥቷል።

ከፈታነው በኋላ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳቱ ድካም እንጂ ጥበብ የለበትም። ጥበቡ ያለው መንጋጋው ላይ ነው። በሁለቱም በኩል የታሰሩት የዐረብ ብረት ጠፍጣፎች ጥርሳቸው አልቆ እንደ ጠጠር ልሰው ነበር። አለስልሰን ጥርስ አወጣንላቸው፤ ከዚያ በከሰልና በወናፍ አቅልተን ውሃ ውስጥ ነከርናቸው። ሞረድ እንኳ የማይነካቸው ሆኑ፤ እኛም ጨረስን አልን። ነገር ግን የመጀመሪያውን ብረት አስረን በመዶሻ ስንመታ የአንደኛው ጠፍጣፋ ጠርዝ እንደ ብርጭቆ ተሰብሮ ወደቀ። እንዲህ የተነከረ ዐረብ ብረት እጅግ ይጠነክራል፤ ዳሩ ግን ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ፊቱን አጥርቶ እንደ ገና በቀስታ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ ሲሞቅም በፊቱ ላይ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ ቀለም ይመጣል። ቀለሙ የሚፈለገው ላይ ሲደርስ ማቆም ነው። ጥቂት ቢዘገዩ ይለሰልሳል። ሁለተኛውን ጠፍጣፋ ቡናማው ላይ አቆምነው፤ እስከ ዛሬ አልተሰበረም።

ያን ጊዜ ሞድዝሊ ስለ ምን ሞርሳውን እንደ መረጠ ገባን። በአንድ ሞርሳ ውስጥ የቀጥቃጩ ሥራ አለ፤ የሞረድ ሥራ አለ፤ እሳትንና ውሃን ማወቅ አለ፤ መግጠምም አለ። ሰባት ዓመት ተምረሃል ወይ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ያንን መንጋጋ ማየት ይበቃል። የሰዓቱንም ነገር ቢሆን አሁን ብዙ አንጠራጠርም። የጋለ ምድጃ በአጠገቡ ላለና በመንጋጋው ፊት ሁለት ጊዜ ለማይሳሳት እጅ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

የኛው ሞርሳ ግን አንድ ችግር ቀረበት። የውስጡ ዳዶ ጥርሱ ተበልቶ ስለ ነበረ ምትክ ፍለጋ ገበያውን ሁሉ ዞርን፤ በውፍረቱ ልክ የሆነው በጥርሱ አይገጥምም። ይህም ወደ ሞድዝሊ መለሰን። በርሱ ዘመን ብሎን አብዛኛውን በእጅ ይሠራ ስለ ነበረ እያንዳንዱ የሚገጥመው ከገዛ ዳዶው ጋራ ብቻ ነበር፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ዋጋ የለውም። ሞድዝሊ ከብራማ ዘንድ የወጣው በ1797 ዓ.ም. ነው፤ በሳምንት ከ30 ሽልንግ በላይ እንዲጨመርለት ቢለምን እምቢ ተባለ። (ብራማ በዚህ ምን ያህል እንደ ከሰረ አንባቢ ይገምት።) የራሱን የሥራ ቤት ከፍቶ በ1800 ዓ.ም. ገደማ ብሎንን በትክክል እያመሳሰለ የሚቈርጥ ቶርኖ ሠራ። ለፖርትስመዝ የመርከብ ቦታም ማርክ ብሩኔል ያሰባቸውን 45 መኪናዎች ሠራ፤ በነርሱም 10 ሰዎች ቀድሞ 110 ሰዎች የሚሠሩትን የመርከብ መዘውር ሠሩ። ለመቶዎቹ ደስታ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። በርሱ ሥር ከሠሩት አንዱ ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ዓ.ም. የብሎን ጥርስ በአገሩ ሁሉ በ55 ዲግሪ አንድ ዓይነት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። የኛ ሞርሳ ዳዶ ግን ከዚያ ልክ የወጣ ስለ ሆነ በመጨረሻ ለባለ ቶርኖ ከፍለን አሠራነው።

አሁን ሞርሳው በጠረጴዛው ላይ ታስሯል፤ ግራሶ ጠጥቶ በአንድ ጣት ይዞራል፤ የግራ መንጋጋው ጠርዝ እንደ ተሸረፈ ነው። የመጀመሪያ ሥራውም ለወጥ ቤቱ በር የጠፋውን ቁልፍ መሞረድ ሆነ። አንደኛው አልከፈተም። ሁለተኛው ከፍቷል፤ ነገር ግን ሲዘጋ ትንሽ ይይዛል።