ጥገናዊ ለውጥ፦ የአንዲት ቮልስዋገን ደብተር

አባቴ ሲያርፍ ከተወልን ንብረት አንዲት ያረጀች ቮልስዋገንና በመቀመጫዋ ሥር የተገኘ አንድ ደብተር ይገኙበታል። መኪናዋን ወንድሜና እኅቴ «ትሸጥ» አሉ፤ ገዢም ወዲያው ተገኘ። ደብተሩን ግን የጠየቀ ስላልነበረ ለእኔ ቀረ። የባንክ ሠራተኛ እንደ መሆኔ ዓይኔ ከዓምድና ከረድፍ ጋር ተዋውቋልና፣ ከመኪናዋ አስቀድሜ የመረመርሁት እርሱን ነው። ቀን፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው ሥራ፣ የወጣው ገንዘብ። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉም በአንድ እጅ ጽሕፈት ሰፍሯል።

ውድ አንባብያን፣ ስለ ደብተሩ ከመናገሬ በፊት ስለ መኪናዋ ዘር ጥቂት ላውሳ። መሐንዲሱ ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት «የሕዝብ መኪና» በሂትለር ዘመን 990 ራይሽስማርክ ተተመነችና ሠራተኛው በየሳምንቱ 5 ማርክ እየከፈለ በቁጠባ ካርዱ ላይ ቴምብር እንዲለጥፍ ተደረገ። በ1938 እ.ኤ.አ. የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ በማግሥቱ ዓመት ጦርነት ተነሣ፤ ፋብሪካውም ለጦሩ መኪና ወደ መሥራት ዞረ። ከነዚያ ሁሉ ቆጣቢዎች ጦርነቱ እስኪያበቃ አንድም ሰው መኪናውን አልተረከበም። በገንዘብ ቤት የሚውል ሰው ይህን ሲያነብብ ሆዱ ይላወሳል። በ1945 እ.ኤ.አ. በቦምብ የተጎዳውን ፋብሪካ እንደ ገና ያስነሣው ሜጀር አይቫን ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የመጨረሻዋ በሜክሲኮ፣ በፑዌብላ ከተማ እስክትወጣ ድረስ 21,529,464 ያህል ተሠርተዋል።

ይህች መኪና ባለቤቷ ራሱ እንዲጠግናት የተፈጠረች ትመስላለች። ራዲያተር የላትም፤ ከኋላ የተቀመጠው ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ይበቃታል። የፊት መስተዋቷን የሚያጥበው ውኃ እንኳ የሚረጨው ከስኮርታ ጎማዋ በሚመጣ አየር ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ጆን ሙር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ መፍቻ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ቮልስዋገኑን ራሱ እንዲጠግን የሚያስተምር ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም እጅግ ተወዳጅ ሆነ። አባቴ ይህን መጽሐፍ አላየውም። የእርሱ መጽሐፍ ደብተሩ ነበር።

በዚያ ደብተር አስቀድሜ የፈለግሁት መስከረም 1967 ዓ.ም.ን ነው። መስከረም 2 ቀን ማለዳ፣ በሮልስሮይስ ሲሄዱ የኖሩት ንጉሠ ነገሥት ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው በቮልስዋገን ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። የመኪናዋ ዓይነት ከዘውዱ ውድቀት ጋር በሕዝብ ትዝታ ተያይዞ ቀረ። አባቴም የዚያች መኪና እኅት ባለቤት ነበረና አንዳች ቃል ይጽፋል ብዬ ጠበቅሁ። መስከረም 5፣ እሑድ፣ እንዲህ ይላል፦ «ዘይት ተለወጠ። ሦስተኛው ቫልቭ ይፈተሽ።» ሌላ ምንም የለም።

በመጀመሪያ አዘንሁበት። ሦስት ሺህ ዘመን የተባለለት ዙፋን ሲወድቅ አባቴ ዘይት ይለውጣል! ዘመኑ ግን ጥገና የተናቀበት ዘመን እንደ ነበር አስታወስሁ። የሚከበረው «ሥር ነቀል ለውጥ» ነበር፤ «ጥገናዊ ለውጥ» ማለት በየጽሑፉና በየስብሰባው የነቀፌታ ስም ነበር። እውነቱን ለመናገር የጭሰኛው ሥርዓት በካቻቢቴ የሚጠብቅ ብሎን አልነበረም፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን ብዙ ገበሬ እፎይ ብሏል። ነገር ግን የተነቀለው ሁሉ ጉድጓድ ይተዋል፤ አዲስ የተተከለውም ከማግሥቱ ጀምሮ የሚጠብቀው ሰው ይሻል።

ደብተሩን ገለጥሁ። እሑድ ከእሑድ ይከተላል፤ ካንዴላ ተጸዳ፣ ፍሬን ተስተካከለ፣ ቺንጊያ ተለወጠ። (የጋራዥ ቋንቋችን የጣልያን ነው፤ አምስት ዓመት የገዛን ጠላት ወጥቶ ቃሉ በመካኒኮቻችን አፍ ቀርቷል።) 1970 ዓ.ም. ላይ ግን ጽሕፈቱ ተቋረጠ። ዐሥር ወር ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ በተንቀጠቀጠ እጅ፦ «ባትሪ ሞቷል። ተገፍታ ተነሣች። ሦስተኛው ቫልቭ ይፈተሽ።»

ደብተሩን ዘግቼ ወደ ግቢ ወጣሁ። መኪናዋ ከሞት ቀብር ወዲህ አልተነካችም። አባቴ በልጅነቴ እንዳሳየኝ፣ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ማለዳ፣ በክሪክ አንሥቼ፣ ድንጋይ ደግፌ፣ በግራ በኩል ከሥሯ ተጋደምሁ። የቫልቩን ክዳን የያዘውን ሽቦ በካቻቢቴ ፈንቅዬ አወረድሁ። ከ1971 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚከልለው፣ ከአራቱ ሲሊንደሮች ይበልጥ የሚግለው ሦስተኛው ነው። ደብተሩ ደጋግሞ የሚያነሣው ለዚህ ነው። ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን ይገባዋል። መለኪያውን ስስ ብረት ባስገባ አልገባም አለ፤ የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ክፍተቱን ጨርሶ ዘግቶ ነበር።

አባቴ «የሚያንኳኳ ቫልቭ አያስፈራህ፤ ዝም ያለውን ፍራ» ይለኝ ነበር። ክፍተቱ የሰፋ ቫልቭ ይንኳኳል፤ ሰው ሰምቶ ያስተካክለዋል። ክፍተት ያጣው ግን ጠብቆ አይዘጋም፤ እሳት በጎኑ እያለፈ፣ ድምፅ ሳያሰማ ተቃጥሎ ያልቃል።

ማሰሪያውን ፈትቼ፣ ብሎኑን በጥቂቱ መልሼ፣ መለኪያው ሲሳብ ያዝ እስኪያደርግ ድረስ አስተካከልሁ። እናቴ በርጩማ አውጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከመኪናዋ ሥር እንዳለሁ፣ ፊቷን ሳላይ፣ «እማዬ፣ በ1970 መኪናዋ ለምን ዐሥር ወር ቆመች?» አልኋት።

ቆየችና «ታስሮ ነበር» አለች። «ከቀበሌ መጥተው ወሰዱት። መኪናዋን እንዳይወስዱብን ጎማዎቿን አወጣሁና በሣርና በኩበት ሸፈንኋት። ሲፈታ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ የሄደው ወደ እርሷ ነው።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት ስኖር ይህን አልሰማሁም። እኛ ልጆቹ አባታችን መኪናውን ከእኛ አብልጦ ይወድዳል እያልን እንስቅበት ነበር። ያ ሰው በየእሑዱ ከመኪናው ሥር ገብቶ ሲጠግን የነበረው ምን እንደ ሆነ አሁንም በእርግጠኝነት አልናገርም። የሚንቀጠቀጥ እጁን የሚያሳርፍበት ሥራ እንደ ነበረው ግን ዐወቅሁ።

ክዳኑን በአዲስ ጓርኒሲዮን ገጥሜ፣ ዘይት ሞልቼ አስነሣኋት። ጥቂት አጉረመረመች፤ ከዚያ አራቱም ሲሊንደሮች እኩል ሠሩ፤ ሦስተኛው ቀስ ብሎ ማንኳኳት ጀመረ። ማታ ወንድሜንና እኅቴን ጠርቼ እናታችን የነገረችኝን እንድትደግምላቸው ለመንኋት። ገዢው እስካሁን ይደውላል፤ መልስ የሰጠው የለም።

በደብተሩም፣ ከአባቴ የመጨረሻ መስመር ሥር፣ በራሴ እጅ እንዲህ ጻፍሁ፦ «ሦስተኛው ቫልቭ ተፈተሸ።»