ወረቀቱ ሌላ፣ ወጉ ሌላ፦ የእንግሊዛውያን የዘር ሐረግ እንዴት ይፈለጋል?

አንድ እንግሊዛዊ ስለ ቅድመ አያቶቹ ለማወቅ ሲነሳ መልሱን ከሦስት ቦታ ይለቃቅማል፤ ከሽማግሌ ዘመዶች ትዝታ፣ ከአሮጌ ፎቶግራፎች፣ እንዲሁም ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ለራሳቸው ጉዳይ ካስቀመጧቸው መዛግብት። ሦስቱ ሙሉ በሙሉ የሚስማሙበት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች ግን በልዩነቱ አይደነግጡም፤ ቤተሰቡ ሊናገረው ያልወደደው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ቃልና ወረቀት በተለያዩበት ቦታ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኢትዮጵያ የአንድ ሰው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ሲጠራ ሦስት ትውልድ ይታወቃል። በእንግሊዝ ግን የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ ለዘመናት ይወርዳል፤ በዚያ ላይ ልጅን በአባት ወይም በአያት ስም መጥራት የተለመደ ነበር። ስለዚህ በአንድ መንደር መዝገብ ውስጥ በአንድ ዘመን የኖሩ ሦስት ጆን ስሚዞችን ማግኘት ብርቅ አይደለም። አያት፣ አባትና ልጅ ይሁኑ ወይስ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች፣ ስሙ ብቻውን አይለይም። ስም ብቻ ይዞ ወደ ኋላ የሚሮጥ ሰው የሌላ ቤተሰብ ቅድመ አያት ይዞ ሊመለስ ይችላል።

አስቀድሞ ሽማግሌዎቹን

ፍለጋው የሚጀመረው በሕይወት ካሉት ነው። መዝገቡ መቶ ዓመት ጠብቋል፣ ለከርሞም ይጠብቃል፤ የዘጠና ዓመት አክስት ግን ላይጠብቁ ይችላሉ። «መቼ ተወለዱ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ፎቶግራፍ ፊታቸው አስቀምጦ «ይህች ማን ናት? ቤቱ የት ነበር? እሑድ እሑድ ማን ይመጣ ነበር?» ማለት የበለጠ ያናግራል። የቁልምጫ ስሞችም መጻፍ አለባቸው፤ በቤት ውስጥ ፖሊ የተባለችው በመዝገብ ሜሪ፣ ጃክ የተባለውም ጆን ሆኖ ይገኛል።

ትዝታ ዓመት ያዛባል፣ ሁለት አጎቶችንም አንድ ያደርጋል። ነገሩን ከሥሩ የሚፈጥረው ግን አልፎ አልፎ ነው። «ዘራችን ከመኳንንት ነው» የሚለው ወግ በእንግሊዝም የበዛ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በወረቀት አይደገፍም። አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ከምሥራቅ ለንደን የሠራተኛ መደብ የወጣው ተዋናይ ዳኒ ዳየር በ2016 በቢቢሲ የዘር ሐረግ ፍለጋ ፕሮግራም ላይ ሲቀርብ፣ የንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛና የቶማስ ክሮምዌል ተወላጅ መሆኑ ተነግሮታል።

የክሮምዌል ስም እዚህ የሚነሳበት ሌላም ምክንያት አለ። የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ሳለ፣ በ1538 እያንዳንዱ አጥቢያ ክርስትናን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲያሰፍር ያዘዘው እርሱ ነበር።

መዝገቡ የሚናገረውና የማይናገረው

የአጥቢያ መዝገብ የሚያሳየው ሕፃኑ ክርስትና የተነሳበትን ቀን እንጂ የተወለደበትን አይደለም። እስከ 1752 ድረስ ደግሞ የእንግሊዝ አዲስ ዓመት በሕግ የሚጀምረው መጋቢት 25 ቀን ስለነበር፣ በመዝገቡ «የካቲት 1720» የተባለው ዛሬ 1721 የምንለው ነው። ሁለት የዘመን አቆጣጠር እያሰላ ለሚኖር የአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም።

መንግሥት በእንግሊዝና በዌልስ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን ራሱ መመዝገብ የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው። ከ1875 በፊት ልደትን የማስመዝገብ ግዴታ በወላጆች ላይ ጠበቅ ብሎ ስላልተጣለ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያልተመዘገቡ ሕፃናት አሉ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሙሽሮቹን አባቶች ስምና ሥራ ይይዛል፤ የእናቶች ስም እንዲገባ የተደረገው ግን ገና በ2021 ነው። መጻፍ የማይችሉ ሙሽሮች በፊርማቸው ቦታ የመስቀል ምልክት አድርገዋል። አባቱን የማያውቅ ሙሽራ ደግሞ ባዶውን ቦታ አፍሮ በፈጠራ ስም የሞላበት አጋጣሚ አለ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀትም ቢሆን ሰውየው የተናገረውን እንጂ እውነቱን የሚመሰክር አይደለም።

የሕዝብ ቆጠራ ከ1801 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሲካሄድ፣ የቤተሰብ አባላት ስም በሥርዓት ተሰብስቦ የቀረው ከ1841 ወዲህ ነው። በዚያ ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት እንዲወርድ ታዝዞ ስለነበር የ29 ዓመት ሴት 25 ተብላ ትገኛለች። ከ1851 ጀምሮ ዝምድናና የትውልድ አጥቢያ ተጨመሩ።

ከሁሉም የ1911ዱ የተለየ ነው። በዚያ ዓመት የቤቱ አባወራ በገዛ እጁ የሞላው ቅጽ እንዳለ ተቀምጧል። ያገቡ ሴቶች ስንት ልጅ በሕይወት እንደወለዱ፣ ስንቱ እንዳሉና ስንቱ እንደሞቱ ተጠይቀዋል። «የተወለዱ 11፣ ያሉ 6፣ የሞቱ 5» የሚል መስመር ያነበበ የልጅ ልጅ፣ ማንም ነግሮት የማያውቀውን የአምስት ሕፃናት ኀዘን በሦስት ቁጥር ያገኘዋል። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ይህን ክፍል እንዲሞሉ አልተጠየቁም ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ሞልተውታል። የቆጠራ ሠራተኛው በመስመር ቢሰርዘውም ከሥሩ ያለው ቁጥር ይነበባል። በሁለት ቆጠራዎች መካከል ተወልደው የሞቱ ሕፃናት በአንዱም ላይ ስማቸው የለም። ማንነታቸውን ለማወቅ የሚረዳው የጠቅላላ ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ በኢንተርኔት ያቀረበው ማውጫ ነው፤ የእናትን የልጅነት የቤተሰብ ስም ከ1837 ጀምሮ ስለያዘ ልጆቹን በእናታቸው በኩል መፈለግ ይቻላል።

የቆጠራ ዝርዝር ለመቶ ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። የ1921ዱ በ2022 ተከፈተ። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ወደመ፤ በ1941 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ቆጠራ አልተካሄደም። ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው በመስከረም 1939 የተደረገው ብሔራዊ ምዝገባ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተሰለፉ ወታደሮችን የሚፈልጉም ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥማቸዋል፤ በ1940 በለንደን ላይ በደረሰው የአየር ድብደባ ከወታደሮቹ የአገልግሎት መዛግብት አብዛኛው ተቃጥሏል።

ስም የሌለው ፎቶግራፍ

በ1868 ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሳቻቸው የልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፎች የተነሺው ማንነት ታውቆ የተላለፉ ናቸው። የተራ ሰዎች ፎቶግራፍ ግን አብዛኛው ያለ ስም ነው። ቢሆንም ብዙ ይናገራል። ከ1860ዎቹ ጀምሮ በብዛት በተሠሩት፣ በካርቶን ላይ በተለጠፉት ትንንሽ ፎቶግራፎች ጀርባ የፎቶ ቤቱ ስምና አድራሻ ይታተም ነበር። ያንን አድራሻ በየጊዜው ከታተሙ የነጋዴዎች ማውጫዎች ጋር በማስተያየት ፎቶ ቤቱ እዚያ የነበረበትን ዘመን ማጥበብ ይቻላል። ትከሻው ላይ በጣም የተነፋ የሴት ቀሚስ እጅጌ የ1890ዎቹን አጋማሽ ያመለክታል፤ አረጋውያን ግን የወጣትነት ዘመናቸውን ልብስ ስለሚያዘወትሩ በወጣቶቹ አለባበስ መገመት ይሻላል። ፎቶግራፉ በፖስት ካርድ መልክ ከሆነ፣ ጀርባው ለመልእክትና ለአድራሻ በሁለት መከፈሉ ከ1902 በኋላ መሆኑን ያሳያል። በግማሽ ፔኒ ቴምብር በአገር ውስጥ የተላከ ከሆነም ከሰኔ 1918 በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዋጋው አንድ ፔኒ ሆኗል።

እህት የተባለች እናት

በእንግሊዝ ልጅን በጉዲፈቻ መውሰድ በሕግ የተደነገገው ከ1927 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ ሳታገባ የወለደች ልጃገረድን ከሐሜት ለማዳን አያት የልጅ ልጃቸውን እንደ ልጃቸው አድርገው ማሳደጋቸው የተለመደ መፍትሔ ነበር። በ1945 በሰሪ አውራጃ ሪፕሊ መንደር የተወለደው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ያደገው እንዲህ ነው። አያቱን እናቱ፣ ወላጅ እናቱንም እህቱ ትመስለው ነበር። እውነቱን ያወቀው በዘጠኝ ዓመቱ ገደማ ሲሆን፣ ካናዳዊ ወታደር የነበረው የአባቱ ማንነት በዝርዝር የተገለጸው በ1998 ነው። ያሳደጉት ባልና ሚስት ክላፕ ሲባሉ እርሱ ክላፕተን መባሉ፣ ለሚመረምር ሰው በቂ ፍንጭ ነበር፤ ክላፕተን የአያቱ የመጀመሪያ ባል፣ የእናቱም አባት ስም ነው።

በልደት ማውጫ ላይ የእናት የልጅነት የቤተሰብ ስም ከሕፃኑ ስም ጋር አንድ ሆኖ ሲገኝ፣ ብዙውን ጊዜ እናቲቱ አላገባችም ማለት ነው። ዛሬ የዘረመል ምርመራ ይህን ዓይነቱን ምስጢር በጥቂት ሳምንታት ያወጣዋል። ምርመራው ግን የቅርብ ዘመድን ሳይፈልግ ያጋልጣል፤ ውጤቱን ለሰማንያ ዓመት አያት መንገር አለመንገር የወረቀት ጥያቄ አይደለም።

የእንግሊዝና የዌልስ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት ቅጂ ማንም ሰው፣ ከየትኛውም አገር ሆኖ፣ ከፍሎ ሊያዝ ይችላል። በመዝገቡ ውስጥ በአሁኑ ጊዜ ኢትዮጵያውያንም አሉ። በእንግሊዝ የሚወለዱ ብዙ ልጆች የአባታቸው ወይም የአያታቸው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲቀር፣ ከዚያ በላይ ያለው ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ አይሰፍርም። አንዱ ወንድም በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ሊመዘገብ ይችላል፤ የላቲን አጻጻፉም ከወረቀት ወረቀት ይለያያል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚፈልጋቸው ሰው ወንድማማች መሆናቸውን ከማውጫው አያገኘውም። ስለዚህ በፎቶግራፉ ጀርባ፣ በለስላሳ እርሳስ፣ የሰዎቹን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ቦታውንና ዓመቱን መጻፍ ያስፈልጋል፤ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጭምር።