ራስ-ሰር መቆለፊያ

«ኦቶ ሎክ» የሚሉትን እዚህ «ራስ-ሰር መቆለፊያ» ብለነዋል። «ቁልፍ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የበሩም መዝጊያ፣ መክፈቻውም፣ በኪቦርድ ላይ የምንጫነውም ቁልፍ ነውና። ነገሩ፣ ተጠቃሚው ከአጠገቡ ሲርቅ ኮምፒውተሩ በራሱ ስክሪኑን ዘግቶ፣ ሲመለስ የይለፍ ቃል የሚጠይቅበት አሠራር ነው።

ሮቤ ላይ (የአርሲዋን ማለቴ ነው፣ የባሌዋን አይደለም) አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት እናስብ። አንዱ የፋይዳ መታወቂያውን ሊያሳትም መጥቷል፣ ሌላዋ ማመልከቻ ታስጽፋለች። ጸሐፊዋ ወረቀት ልታመጣ ብድግ ስትል የሰውየው ስም፣ ፎቶና መለያ ቁጥር ስክሪኑ ላይ እንደተዘረጋ ይቀራል፤ ወረፋ የያዘ ሁሉ ያነበዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ስክሪኑን ለመቆለፍ ፈጣኑ መንገድ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ «ኤል»ን መጫን ነው። ከዊንዶውስ ኤክስፒ (እ.ኤ.አ. 2001) ጀምሮ አለ። በማክ ኮንትሮል፣ ኮማንድና «ኪው» ናቸው። መቆለፍ ማጥፋት አይደለም፤ የተከፈተው ሰነድ እንዳለ ይቆያል። መብራት ድንገት ከጠፋ ግን መቆለፍ ሰነዱን አያድነውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሴቭ ማድረግ ነው።

እጅ ሲረሳ ራስ-ሰሩ ይተካል። ቀላሉ ስክሪን ሴቨር ነው፦ የደቂቃውን ቁጥር ሞልቶ፣ ሲመለስ የመግቢያ ገጹን እንዲያሳይ የሚያዘውን ሳጥን ምልክት ማድረግ። ሁለተኛው ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዊንዶውስ 10 የገባው «ዳይናሚክ ሎክ» ነው። ስልክን በብሉቱዝ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተው፣ በሴቲንግ ውስጥ «አካውንትስ»፣ ከዚያ «ሳይን ኢን ኦፕሽንስ» ገብተው ያበሩታል። ስልኩን ይዘው ሲርቁ ይቆልፋል። ሁለት ጉድለት አለበት፦ አንድ ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ስልኩ ቻርጅ ላይ ጠረጴዛው ላይ ከቀረ ደግሞ ባለቤቱ እንደሄደ አያውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው እምነት በእጅ ላይ ይሁን፣ ራስ-ሰሩ ተጠባባቂ ነው።

ሦስት ጸሐፊዎች አንድ የይለፍ ቃል ተጋርተው፣ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ሞኒተሩ ላይ ከተለጠፈ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። መጀመሪያ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው አካውንት ይከፈትላቸው።