«ዲ ላይ አለ»

በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ጥገና ቤት የሄደ ሰው ይህን ጥያቄ ያስታውሰዋል፦ «ፋይልዎ ሲ ላይ ነው ዲ ላይ?» «ዲ ላይ» ያለው እፎይ ብሎ ይቀመጣል፤ «ሲ ላይ» ያለው ፊቱ ይለዋወጣል። መድኃኒቱ አንድ ነበርና፤ ፎርማት። ማሽኑ ቢዘገይ ፎርማት፣ ቫይረስ ቢገባ ፎርማት፣ አልነሳም ቢል ፎርማት። ዊንዶውስ የሚጫነው ሲ ላይ ስለሆነ ሲ ይታጠባል፣ ዲ ይተርፋል። «ዲ ላይ አስቀምጡ» የሚለው ምክር በዚህ ምክንያት በየቤቱ ሕግ ሆነ።

ምክሩን አልንቀውም። የተበላሸው ሶፍትዌሩ ብቻ በሆነ ጊዜ የብዙ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ፎቶግራፍና የግጥም ረቂቅ አድኗል። ነገር ግን ሲና ዲ በአብዛኛው ቤት ሁለት ዕቃዎች አልነበሩም፤ በመጋረጃ የተከፈለች አንዲት ክፍል ነበሩ። በሃርድ ዲስኩ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚዞሩ ሳህኖች አሉ፤ የሚያነበው መርፌ መሳይ ክንድ ከገጻቸው በላይ ከጸጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ከፍታ ይንሳፈፋል። ክንዱ ሳህኑን የነካ ዕለት ሲን ከዲ አይለይም። «ዲ ላይ አለ» እያሉ የኖሩ ሰዎች አንድም ቀን ቅጂ ኖሯቸው አያውቅም።

ፍላሽም የራሱ ጣጣ ነበረው። ከኢንተርኔት ቤት ተመልሶ ሲሰካ ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ይታያል። «ቫይረስ በላው» ተብሎ ፍላሹ ይታጠባል። ቫይረሱ ግን ብዙውን ጊዜ አልበላውም፤ ደብቆት ነበር። አትሪብ የምትባል አንዲት ትእዛዝ ትመልሰው ነበር። ከበሽታው ይልቅ መድኃኒቱ ብዙ ጽሑፍ አጥፍቷል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ይህ የእኛ ድክመት ብቻ የሚመስለው ካለ ካሊፎርኒያን ይመልከት። በ1998 በፒክሳር ስቱዲዮ «ቶይ ስቶሪ 2» በመሠራት ላይ ሳለ አንድ ሰው ፋይል የሚያጠፋ ትእዛዝ በማይገባው ቦታ ሰጠ። የዋናው ገጸ ባሕርይ የዉዲ ባርኔጣ ጠፋ፤ ቀጥሎ ጫማው፤ ቀጥሎ ዉዲ ራሱ። ሠራተኞቹ ዓይናቸው እያየ ከፊልሙ 90 በመቶ ያህሉ ሄደ። ባክአፕ ነበራቸው። ባክአፑ ግን ከሰነበተ ጀምሮ በትክክል አልሠራም፤ ከፍቶ የሞከረው ስላልነበረ ማንም አላወቀም። ያዳናቸው ከቤት የመጣ ኮምፒውተር ነው። ከቴክኒክ ኃላፊዎቹ አንዷ ጌሊን ሱስማን ወልዳ ከቤቷ ትሠራ ስለነበር የፊልሙ ቅጂ እቤቷ ባለው ማሽን ላይ ይገኝ ነበር። ማሽኑን እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና አመጡት። (የሚገርመው፣ በኋላ ታሪኩ አላረካቸውምና አብዛኛውን እንደገና ሠሩት፤ ፊልሙ በ1999 ለእይታ በቃ።) እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ አለቆቹ ትእዛዙን የሰጠውን ሰው ለማደን አለመነሳታቸው ነው።

በሌላ ቤት ያለ ቅጂ ምን እንደሚያደርግ ግን ለግዕዝ አንባቢ መንገር አያሻም። መጽሐፈ ሄኖክ በሌላው ዓለም በቁርጥራጭ ሲቀር ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ነው፤ ጀምስ ብሩስ ቅጂዎቹን በ1773 ወደ አውሮፓ ይዞ ተመለሰ። የተረፈውም በሣጥን ስለተቀመጠ ብቻ አይደለም። ይነበብ ነበር፤ ይገለበጥ ነበር፤ የሳተው ቃል እየተፋቀ ይታረም ነበር።

የኮምፒውተር ግዕዛችን ፈተና የመጣው በዚሁ በንባብ በኩል ነው። ዓለም አቀፉ የፊደል ሰንጠረዥ ዩኒኮድ የእኛን ፊደል ያስገባው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፊደል ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች በአማርኛ ለመጻፍ አበቁን፤ ውለታቸው አይረሳም። ነገር ግን ፊደላችን የሚሳለው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር፤ ድርድሩም በየፕሮግራሙ ይለያይ ነበር። ፕሮግራሙ የሌለበት ማሽን ላይ የተከፈተ ጽሑፍ ትርጉም የለሽ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል።

አንድ ገጣሚ ወዳጄ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጻፋቸውን ግጥሞች ሦስት ቦታ አስቀምጦ ነበር፤ በፍሎፒ፣ በሲዲ፣ በኋላም በፍላሽ። እንደ እርሱ ያለ ጥንቁቅ ሰው አላየሁም። ከዓመታት በኋላ አብረን ስንከፍታቸው ሲዲውም ፍላሹም ያለ ችግር ተነበቡ፤ ከፋይሎቹ አንድም አልጎደለም፤ ከግጥሞቹ ግን አንድም ቃል አይነበብም። በወርድ የተጻፉት የቀድሞውን ፊደል ስም ይዘው ስለቆዩ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ተመለሱ። ሰባቱ ግን አንድ ጊዜ ተራ ጽሑፍ ተደርገው ሲቀመጡ ከምልክቶቻቸው ብዙዎቹ ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጠው ነበር። እነርሱን ወዳጄ ከጎኔ ተቀምጦ በቃሉ እያስታወሰ፣ እኔ የተረፉትን ምልክቶች እየጠቆምኩት፣ ቃል በቃል ሞላናቸው። ስድስቱ ተመለሱ። ከሰባተኛው ያገኘነው ርእሱንና የመጨረሻውን ስንኝ ነው።