የ1923ቱ ሕገ መንግሥትና ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የጸደቀውና 55 አንቀጾች ያሉት ይህ ሕገ መንግሥት ገና በምክር ላይ ሳለ፣ ጥንታዊው የመሳፍንት ሥርዓት እንዳይፈርስ፣ ግዛትም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ዘንድ በመሳፍንቱ ስም የተሟገቱት፣ በአባታቸው የላስታ፣ በእናታቸው የሸዋ ተወላጅ የነበሩት ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ናቸው።

ተመልካች በ3ኛው አንቀጽ ላይ ጥቂት ይቆይ፤ ዙፋኑን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር ብቻ የሚያጸናው ይህ ቃል፣ እንደ ንጉሠ ነገሥቱ ሁሉ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚወለዱትን፣ በአባታቸውም በኩል በላስታ ያለው የሙጃና የላሊበላ አገር ዘሬ የሚላቸውን ራስ ካሣን ከመንበረ መንግሥት ያራቀ ሲሆን፣ እኒህ ወግ አጥባቂ መስፍን ግን በታማኝነታቸው እንደ ጸኑ ኖሩ።

ሕገ መንግሥቱ ካቆማቸው ሁለት ምክር ቤቶች የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ፣ የሕግ መምሪያው አባላትም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በሹማምንቱ እንዲመረጡ ተደንግጓልና፣ መሳፍንቱ በሙግት ያጡትን በከፊል በዚህ አገኙት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ራስ ካሣ ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም. በተምቤን የሰሜኑን ጦር መሩ፤ በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ሦስት ልጆቻቸውን ወንድወሰንን፣ አበራንና አስፋወሰንን ገደለባቸው፤ ወንድወሰን የተያዙትም በዚሁ በላስታ ምድር ነበር። ራስ ካሣ በ1949 ዓ.ም. ዐረፉ።